«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገዝቶ አልነሳ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ «ማዘርቦርዱ» (ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) «ተቃጥሏል» የሚል ፍርድ ተቀብሎ ይመለሳል። እኔም በቅርቡ ይኸው ተነገረኝ፤ የነገረኝ የጥገና ባለሙያ ግን ኬዙን (የማሽኑን ሳጥን) እንኳ አልከፈተም ነበር። የምጽፈው ሰውየውን ለመውቀስ ሳይሆን፣ ያለ ምርመራ የሚሰጥ ፍርድ ደህናውን ዕቃ እንደሚያስጥል ለማሳየት ነው።

«አይነሳም» የሚለው ቃል የተለያዩ ብልሽቶችን በአንድ ይጠቀልላል። ቁልፉ ሲጫን መብራትም ድምፅም ከሌለ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የኃይል መስመሩ ነው፦ የግድግዳው ሶኬት፣ ገመዱ፣ ከፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ክፍሎች ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ጀርባ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ባለ 24 ፒን ማገናኛ። ባገለገለ ማሽን ላይ የፊቱ ቁልፍ ራሱ አልቆ ሊሆን ስለሚችል፣ የቁልፉን ሽቦ ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ሁለቱን የፓወር ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት ማነካካት ጥርጣሬውን ይለያል። ፓወር ሰፕላዩን ግን መክፈት አይገባም፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) አደገኛ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ፋኑ እየዞረ ሞኒተሩ ከጨለመ ነገሩ ሌላ ነው። ከሲፒዩው (የማሽኑ ዋና አስሊ ቺፕ) አጠገብ የሚሰካው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ ማሽኑ ሲጓጓዝ ላልቶ ከሆነ፣ ፋኑ ይዞራል እንጂ ሲፒዩው የሚሠራበት ኃይል አያገኝም። ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣ ካርድ) በተገጠመበት ማሽን የሞኒተሩን ገመድ በካርዱ ፋንታ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ «ምስል የለውም» ማለትም የተለመደ ነው፤ እኔ ራሴ ከዚህ ቀደም ግማሽ ቀን አጥፍቼበታለሁ።

የአሁኑ ማሽኔ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ከውስጥ ግን ደጋግሞ «ጢጥ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ፍርዱን የሚያፈርሰው ይህ ድምፅ ነበር፤ እንዲህ ያለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ራሙን (የማሽኑን ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) እንዳላገኘ የሚያሳውቅበት ምልክት ነው፤ ሲፒዩውና ባዮሱ ሥራ ባይጀምሩ ኖሮ ራም እንደጠፋ ማን ይናገር ነበር? ገመዱን ነቅዬ፣ በሰውነቴ ያለውን ስታቲክ ለማስወገድ የኬዙን ብረት ነክቼ፣ ሁለቱን ራሞች አወጣሁ። ወርቃማ መሆን የነበረባቸው የአንደኛው ጥርሶች ግራጫ ሽፋን ለብሰዋል። በንጹሕ የእርሳስ ላጲስ በቀስታ ፈትጌ፣ ፍርፋሪውን ጠርጌ፣ የግራና የቀኙ መያዣ «ቀጭ» እስኪል ተጭኜ መለስኋቸው፤ ማሽኑም ተነሳ። ቀኑና ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ስላገኘሁት ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቀጥለውን ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ባትሪም ቀየርሁ።

በእርግጥ የሚሞት ማዘርቦርድ አለ። ነገር ግን አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮችም ሆኑ የጠቆረ ቦታ የሚታዩት ኬዙ ሲከፈት ነው። ስለዚህ የጥገና ባለሙያዎችን የምጠይቀው፣ ማሽኑን ሲመልሱ የትኛውን ክፍል በምን እንደሞከሩና ምን እንዳገኙ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፉልን ነው፤ ባለቤቱም ያንን ይዞ ሁለተኛ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ