ለከተማችን የቱሪዝም ኃላፊዎች፦ ደብረ ማርቆስን የሚያስጎበኘን ሰው መድቡልን

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይሄን የምጽፈው ከተማዋን ስለምወዳት ነው። ሰሞኑን ሃይስኩል አብረውኝ የተማሩ ጓደኞቼ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም ከነልጆቻቸው መጥተው ቅዳሜ ጠዋት አብረን ዞርን፣ ከማርቆስ ቤተክርስቲያን ጀምረን ወደ ንጉሡ ቤተመንግስት፣ ከዛ በባጃጅ አብማ ማርያም፣ ብርዱ የኛው ብርድ ቢሆንም ደስ የሚል ጠዋት ነበር።

ቤተመንግስቱ ጋ ስንደርስ የጓደኛዬ ልጅ «ንጉሡ ማን ናቸው?» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት፣ መጀመሪያ ራስ አዳል ተሰማ ይባሉ እንደነበር፣ በ1873 ዓፄ ዮሐንስ ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው እንዳነገሷቸው፣ በዓመቱ እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው እንደተማረኩ፣ ከተማዋ ራሷ ድሮ መንቆረር ትባል እንደነበርና ደብረ ማርቆስ የተባለችው በቤተክርስቲያኑ ስም እንደሆነ። በ1933 ደግሞ ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ አዲስ አበባ ሳይገቡ በፊት እዚህ ገብተው ነበር ስላት «እዚህ? እኛ የቆምንበት ከተማ?» ብላ አላመነችኝም! ታሪክ እንዲህ ቦታው ላይ ቆሞ ሲነገር ነው ልጅ ልብ ውስጥ የሚገባው፣ እኛ እኮ ክፍል ውስጥ ሸምድደን ነው ያለፍነው።

ግን ከሰፈሩ ሰው ጋር ያልመጣ እንግዳ ማን ይነግረዋል? ግንብ አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ምሳውን በልቶ ይሄዳል በቃ። የሄድንበት ሌላ ቦታ ደግሞ በሩ ዝግ ነበር፣ ጠብቀን ጠብቀን ቁልፍ የያዘ ሰው አጣን፣ ከሩቅ የመጣ ሰው የሚመቸው ቅዳሜና እሁድ ሆኖ ሳለ።

እና የምንለምናችሁ ብዙ ብር የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት በር የሚከፍት ተረኛ ሰው ይመደብ፣ በየቦታው በአማርኛ በደንብ የተጻፈ ሰሌዳ ይቁም፣ ከዩኒቨርሲቲው ታሪክ ተመርቀው ስራ የሚፈልጉ ልጆች አሉ እነሱ ሰልጥነው መታወቂያ ይሰጣቸውና ያስጎብኙ፣ ክፍያው በግልጽ ይለጠፍ እንከፍላለን። የሽማግሌዎቹን ነገር ደግሞ አደራ፣ ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚያወሩ አሁንም አሉ፣ ሰሌዳው ከመጻፉ በፊት እነሱ ይጠየቁ፣ ድምጻቸውም ይቀዳ።

እኔና ጓደኞቼ ለሰሌዳው ማሰሪያ ለማዋጣት ተስማምተናል። ለፋሲካ ዘመድ አዝማድ ከተማውን ሳይሞላው ቢጀመር ደስ ይለናል፣ መልሳችሁን እንጠብቃለን።