የወደቀውን ቅጠል አትርሱት

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ አሲድ ዝናብ ያወጣችሁት ጽሑፍ የደረቁ ዛፎችንና ዓሣ ያለቀባቸውን ሐይቆች በሚገባ አሳይቷል። መሬት ላይ የወደቀው ቅጠል ግን ተረሳ፤ ለእኔ ደግሞ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ከፋብሪካና ከተሽከርካሪ የሚወጡት የሰልፈርና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች አየር ላይ ወደ አሲድነት ተለውጠው ከዝናብ ጋር ይወርዳሉ። ንጹሕ ዝናብም ቢሆን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5.6 ገደማ ስለሆነ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ወደ 4 ሲወርድ ነው። አፈሩ ካልሲየሙን ያጣል፤ አሉሚኒየም ይሟሟል፤ ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ፤ የምድር ትሎች ይመናመናሉ። ፈንገሶች አሲዱን የተሻለ ይችሉታል፤ ይሁን እንጂ ቅጠሉን አድቅቆ ከአፈር የሚቀላቅል ትል ከሌለ የመበስበሱ ሥራ ይጓተታል። የእንዲህ ዓይነቱን ደን ወለል ገለጥ ብታደርጉት፣ የዓመታት ቅጠል ተነባብሮ ታገኛላችሁ፤ ከላይ ያለው ቅርጹን እንኳ አልለቀቀም፣ ከሥር ያለው ጠቁሮ ተጣብቋል፣ ከማዕድናማው አፈር ጋር ግን አልተዋሐደም። ዛፉ የሚጠብቀው ምግብ እዚያው ታስሮ ቀረ።

አሲዱ ሲቀንስ ደኑ በሁሉም በኩል ካርቦን ያከማቻል የሚለው አስተያየታችሁ ግን ችኮላ አለበት። በአሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሸር፣ ሀባርድ ብሩክ በተባለው የምርምር ደን እ.ኤ.አ. በ1999 አፈሩ ያጣውን ለመተካትና አሲዱን ለመቀነስ የካልሲየም ማዕድን በሄሊኮፕተር ተበትኖ ነበር። ዛፎቹ ተሻላቸው፤ በደኑ ወለል የተከማቸው ካርቦን ግን በዓመታት ውስጥ ቀነሰ፤ የቅጠሉ መበስበስ ፈጥኗልና። በሚቀጥለው እትም ይህንንም ብትጨምሩበት መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ