የእጅጌው ጉዳይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ወጣቶች የመጀመሪያ ሥራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። የሲቪ አጻጻፉም፣ የቃለ መጠይቅ ዝግጅቱም፣ ሰዓት ማክበሩም ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ እጅጌ ነው።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ራሷን መጉዳት የጀመረችው በ14 ዓመቷ ነበር። አሁን በጣም ቀንሷል፤ ግን አልቆመም። የዛሬ አራት ወር የሽያጭ ሥራ አገኘች። የሥራ ልብሷን የተቀበለች ዕለት አልጋዋ ላይ ዘርግታ ቆማ ታየዋለች። «እማ፣ እጅጌው አጭር ነው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ክንዷ ላይ ጠባሳ አለ።

ስልኬን አነሳሁ። አለቃዋ ጋ ደውዬ ሁሉንም ላስረዳ ነው። ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ። «ከነገርሻቸው አልገባም!» አለች። ለጊዜው ተናደድኩ። ሲያድር ግን እውነቷን እንደሆነ ገባኝ። ስሟን በወጉ ሳይዙ ቁስሏን የሚያውቁ ሰዎች መሃል ገብቶ መሥራት ማንን ደስ ይለዋል?

መላው የመጣው ከካውንስለሯ፣ ከምክር ባለሙያዋ ነው። አብረው አንድ አረፍተ ነገር አዘጋጁ፦ «ከውስጥ ረጅም እጅጌ ብለብስ ይቻላል? ክንዴን መሸፈን እፈልጋለሁ።» ይኸው ነው። መስታወት ፊት ሆና ደጋግማ ስትለማመደው በበር ሰምቻለሁ። አለቃዋ «ጥቁር ይሁን እንጂ ችግር የለም» አሏት። ለምን ብለው አልጠየቁም። እኚያን ሰው አላውቃቸውም፤ በልቤ ግን ስንቴ እንዳመሰገንኳቸው! ቀጣሪዎች ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ ለእጅጌ የሐኪም ወረቀት አምጪ አትበሉ።

ብዙ ሰው ራሱን የሚጎዳ ልጅ ሁሉ ሊሞት የፈለገ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ አይደለም፤ መሸከም ያቃተውን ስሜት ለጊዜው ማስታገሻ ነው። ነገሩም የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከተለያዩ አገሮች ጥናቶችን አሰባስቦ ያየ አንድ ምርምር፣ ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች 17 በመቶ ያህሉ የመሞት ሐሳብ ሳይኖራቸው ቢያንስ አንዴ ራሳቸውን ጎድተው እንደሚያውቁ አሳይቷል። ቢሆንም ራሱን የሚጎዳ ልጅ ራሱን የማጥፋት አደጋው ከሌላው ከፍ ይላል። ስለዚህ ፊት ለፊት እጠይቃታለሁ፦ «መሞት አስበሻል?» መጀመሪያ ስጠይቃት አፌ ደርቆ ነበር። መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባባታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ባለሙያዎቹ ግን አያስገባም ነው የሚሉት። ምስጢር ላይም ተስማምተናል። የጠባሳው ነገር የራሷ ነው፤ ለማን እንደምትነግር እሷ ታውቃለች። መሞት ካሰበች ወይም ክፉኛ ከተጎዳች ግን ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ብቻዋን አልተዋትም፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።

እዚህ እስክንደርስ ያላጠፋሁት ጥፋት የለም። ክፍሏን በረበርኩ። «ሁለተኛ አልነካም በይ፣ ማይ!» ብዬ አስማልኳት። ውጤቱ? መደበቁን ተካነችበት። ሥራ ስትይዝ ደግሞ «ሲበዛባት ትረሳዋለች» ብዬ ተዝናናሁ። ሥራ መድኃኒት አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛ ጮኸባት፤ ፈረቃ አስተባባሪዋ ደግሞ ሰው ፊት ገሠጻት። ማታ መጥታ በሯን ዘጋች።

ለዚህ ለዚህ አንድ ቃል አለን፦ «ከበደኝ»። እሷ ይህን ካለች እኔ አልጠይቅም፣ አልመክርም። ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ፍላጎቱ ይመጣል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያ ይረግባል፤ እስኪረግብ ሰው አጠገቧ ቢኖር ይረዳታል። ሥራ ቦታ ሲመጣባት አምስት ደቂቃ ፈቃድ ጠይቃ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ትታጠባለች።

አንድ ነገር ላይ ግን ችክ ብያለሁ። ደመወዝ እንደተቀበለች «አሁን ደህና ነኝ፣ ካውንስለር አያስፈልገኝም፣ ሰዓቱም ከፈረቃዬ ጋር አይገጥምም» አለች። እምቢ አልኩ። ፈረቃዋን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተቀያየረች እንጂ ቀጠሮው አልቀረም። አዲስ ሥራ የተጀመረበት ወቅት ድጋፍ የሚቀነስበት ነው ብዬ አላምንም።

ባለፈው ወር አገርሽቶባት ነበር። ሌሊት መጥታ ቀሰቀሰችኝ። «እማ፣ አደረግኩት» አለች። አልጮህኩም፤ እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠየቅኳት፣ መሞት አላሰበችም። ቁስሉን አጥበን ሸፈንን። ጠዋት ካውንስለሯ ጋ ደወለች፣ ጥቁሩን ረጅም እጅጌ ለበሰች፣ ሥራ ገባች። አሥር ደቂቃ አርፍዳለች።

ስሜ ይቆየኝ
የአንዲት ሠራተኛ እናት