ሮኬትና ሚሳይል አንድ አይደሉም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ኦጋዴን ጦርነት ባወጣችሁት ጽሑፍ ከአየር የሚተኮሰውን ሁሉ «ሚሳይል» ማለታችሁ አሳስቦናል። ሮኬት አንዴ ከተተኮሰ አይታረምም፤ ሚሳይል ግን እስከ ዒላማው ይመራል።

አሜሪካውያን በ1972 እ.ኤ.አ. በቬትናም ከሄሊኮፕተር የተኮሱት ቶው የተባለው ፀረ ታንክ ሚሳይል ከኋላው የሚመራበትን ቀጭን ሽቦ እየተረተረ ነበር የሚበረው። ተኳሹ የማነጣጠሪያውን መስቀል ከታንኩ ላይ ሳይነቅል ይጠብቃል፤ 3,000 ሜትር ለመድረስ ከ10 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። በዚያ መሃል ሽቦው ከተበጠሰ ሚሳይሉ ባከነ።

ሄልፋየር የተባለው ሌላው የአሜሪካ ፀረ ታንክ ሚሳይል ሽቦ የለውም፤ ታንኩ ላይ ተነጣጥሮ ከታንኩ የሚንጸባረቀውን ሌዘር (የብርሃን ጨረር) ይከተላል። የድሬዳዋን አቧራ ለሚያውቅ ችግሩ ግልጽ ነው፦ አቧራ፣ ጭስ ወይም ዝቅ ያለ ደመና ሌዘሩን ይበትነዋል። በራዳር የሚመራው ዓይነት በኋላ የተሠራውም ለዚሁ ነው።

እባካችሁ በቀጣዩ እትም አርሙልን።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ