ችግኙን ከመግዛትዎ በፊት

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን እህቴ ቀስ ብላ እንድታነብልዎ አደራ ብያታለሁ። በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር። በስልክ ግን "ሒሳብሽ ይቆጥራል፣ ዝጊው" ይሉኛል፤ ነገሬም መንገድ ላይ ይቀራል።

ባለፈው ስለ ዳገቱ ጠይቀውኝ ነበር። ከቤታችን በላይ ያለው፣ ክትክታና ቀጋ የወረሰው ሁለት ጥማድ። "መንጥሬ ባህር ዛፍ ልትከልበት ወይ?" አሉኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ "ይትከሉ፣ ገንዘብ ነው" ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን በእግሬ ሄጄ ሐሳቤን ቀየርኩ። ከመነሻው ላውራዎት።

ከምኖርበት ከኒውዚላንዱ ክራይስትቸርች በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲሄዱ አካሮዋ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አለች። አካባቢው ባንክስ ባሕረ ገብ መሬት ይባላል። ድሮ ሁለት እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው፤ አሁን ባሕሩ ጎኑን በልቶት ሸለቆና ገደል ሆኗል። ከዚያ ተነስተን በገበሬዎች ማሳና በጫካ ዞረን እዚያው ተመለስን። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። "ለዚህ ነው ሦስት ቀን?" እንደሚሉ አውቃለሁ። እርስዎ ግሸን ማርያም ስንቅዎን አዝለው ስንት ቀን እንደሄዱ እማዬ ስትቆጥር ነው ያደግነው። ደግሞ ይከፈልበታል። አዎ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ዳገት ይወጣል። ይሳቁብኝ።

ገንዘቡ ግን የሚሄደው ለባለ መሬቶቹ ነው። በ1984 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እዚህ አገር መንግሥት ለገበሬ የሚሰጠውን ድጎማ አነሳ። በግ ብቻ ማርባት አላዋጣ አለ። እዚህ ያሉት ጎረቤታሞች ተመካክረው በ1989 መሬታቸውን ለእግረኛ ከፈቱ። ማደሪያውም የእነሱ ነው። የበጎቹ ነገር ይገርምዎታል፤ አንድ እረኛ የለም። ሽቦና በር ብቻ። የበሩ ሕግ አንድ ነው፦ ክፍት ካገኘኸው ክፍት ተወው፣ ዝግ ካገኘኸው ዝጋው።

የመጀመሪያው ቀን ከባሕሩ ጠርዝ ተነስተን ወደ 700 ሜትር ወጣን። በአዲስ ጫማ መንገድ አይጀመርም ብለውኝ ነበር። አልሰማሁም፤ ሁለቱም ተረከዜ ውኃ ቋጠረ። ምሳ ላይ እህቴ የላከችልኝን በሶ በጥብጬ ጠጣሁ። አብረውኝ የሄዱት የሥራ ባልደረቦቼ ቀምሰው ሁለተኛ ቀን እነሱም ጠየቁኝ።

ያን ማታ ፍሊ ቤይ አደርን። ሲመሽ ከባሕር የሚወጡ ወፎች አሉ፤ ፔንግዊን ይባላሉ። መብረር አይችሉም፤ ቆመው ነው የሚሄዱት። እነዚህ ከሁሉም ትንንሾቹ ናቸው፤ ቁመታቸው ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። ሰማያዊ ካባ የደረበ ትንሽ ዲያቆን ይመስላሉ። ገበሬዎቹ የእንጨት ሣጥን እየሠሩ ጎጆ ሰጥተዋቸዋል፤ ዛሬ ከ1,000 ጥንድ በላይ ሆነዋል።

ሁለተኛው ቀን በገደሉ አፋፍ ነበር። ከታች ዓለቱ ላይ የባሕር ውሻ ተኝቷል። እዚህ አገር ሳማው ዛፍ ይሆናል አባዬ፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል። "ኦንጋኦንጋ" ይሉታል። ሰው ገድሎ ያውቃል ስላሉኝ እጄን ኪሴ ከትቼ አለፍኩ። ማታ ስቶኒ ቤይ ስንደርስ ደግሞ ደጅ ላይ ገንዳ አለ፤ ከሥሩ እሳት ይነድበታል። ድስት ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ለጉልበት ግን ጠበል ነው፤ እርስዎን እዚያ ባስቀመጥኳችሁ ብዬ እማዬንም ጨምሬ ተመኘሁ።

አሁን ወደ ዳገቱ ልምጣ።

ገደሉ አፋፍ ላይ ለማረፍ ስቀመጥ አንድ ቁጥቋጦ ጀርባዬን ነካኝ። ዞር ስል ፍሬው እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ክንፍ ያለው፣ ነፋስ ሲነካው የሚንሿሿ። ቅጠሉን አሸት ሳደርገው እጄ ላይ ተለጠፈ። ክትክታ! የኛው ክትክታ። እዚህ "አኬአኬ" ይሉታል፤ ለዘላለም ማለት ነው፤ እንጨቱ ስለሚጠና። አብረውኝ ያሉት ምን እንዳስለቀሰኝ አልገባቸውም። እኔም በደንብ አላስረዳኋቸውም።

በማግስቱ ሂነዋይ የሚባል ጥብቅ ደን ውስጥ ገባን። በ1987 ሲጀመር 109 ሄክታር የከሰረ የበግ መሬት ነበር፤ ጎርስ የሚባል እሾህ የወረሰው። ጎርስን ነጮቹ ለአጥር ብለው ከአገራቸው አምጥተውት ነው አገር ያጠፋው። ገበሬው ሁሉ ሲቆርጠውና ሲያቃጥለው ኖሯል። ይህን መሬት በኃላፊነት የያዘው ሂዩ ዊልሰን የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ግን "ተዉት" አለ። ጎረቤቶቹ አልወደዱለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎርስ ፀሐይ ይወዳል። ሥሩ ግን እንደ ባቄላ አፈሩን ያለማል፤ ጥላውም ለችግኝ ይመቻል። ወፎች የጫካውን ፍሬ በልተው እዚያ ላይ ይጥላሉ። ዛፉ በእሾሁ ጥላ ሥር ያድጋል። ከዚያ በላዩ ይወጣና ያጠለለበታል፤ እሾሁ ፀሐይ አጥቶ ይደርቃል። እኔ በገባሁበት በኩል የደረቀው የጎርስ ግንድ አሁንም ከዛፎቹ ሥር አዘንብሎ ቆሟል። ዛሬ ደኑ ከ1,200 ሄክታር በላይ ነው። በእርስዎ ልኬት ከ30 ጋሻ በላይ ማለት ነው። ማንም አልተከለውም። ቶታራ የሚባለው ዛፋቸው ደግሞ የዝግባ ዘመድ ነው፤ ቤተ ልሔሙ ጀርባ ካለው ዝግባ ጋር ቢያስተያዩት ደስ ይልዎት ነበር።

ሰውየው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ፍየል ያስወጣ፣ ቅጠል የሚጨርሱትን አውሬዎች ያጠምድ ነበር። ሥራው እሱ ነበር።

ታዲያ የኛን ዳገት አሰብኩት። ባለፈው ስመጣ ክትክታው ሥር ጉልበቴ ድረስ የደረሰ ወይራ አይቻለሁ። ማን ተከለው? ከሚካኤል ደን ወፍ ያመጣው ነው። ጫፉን ፍየል ቀርጥፎታል። እንግዲህ እሾሁን ስንመነጥር እሱንም አብረን ልንመነጥር ነው። ባህር ዛፍ ከዚህ ከጎረቤታችን ከአውስትራሊያ የሄደ ነው፤ ጠላቱ አይደለሁም። ጣሪያችንን የከደነው እሱ ነው። ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አያስበቅልም፤ ከታች ያለችውን ምንጭ ደግሞ ያውቋታል።

የሽቦውን ወጪ እኔ እልካለሁ። ለሦስት ክረምት ከንክኪ ነፃ ይሁንና እንየው። ገንዘብ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ እኔ እዚህ ሆኜ ማውራት ይቀለኛል። ከፈለጉ በመንገዱ በኩል ያለውን ጥጉን ባህር ዛፍ ያድርጉት። ላይኛውን ግን ይተዉልኝ። ፍየሎቹን በተመለከተ ከወንድሜ ጋር እርስዎ ይነጋገሩ፤ እኔን አይሰማኝም።

በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የአኬአኬዋን ፍሬ ዙሪያዋን በእስክሪብቶ ስዬልዎታለሁ። ሲመችዎ ከዳገቱ አንድ የክትክታ ፍሬ ያስቆርጡና ላይዋ ላይ ያስቀምጧት። ልክ ትሆን እንደሆነ እህቴ ትደውልልኝ። ችግኝ ሻጩ ቀድሞ ከመጣ ቀብድ አይስጡት።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ