የጤና ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ስብሰባችን ድሮ ሰኞ ከሰዓት ነበር። ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ነው፤ ከቆላ የሚመጡት የአፋር ልጆች ከቤተሰብ ጋር ገበያ ስለሚውሉ ክበቡ የከተማ ልጆች ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ወደ ረቡዕ ስናዛውረው እነሱም መጡ። የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ይሄ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሚኒ ሚዲያችን ስለ ወባና ስለ አተት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ መናገር የቻለው ከዚያ በኋላ ነው። የኤድስ ቀን በኅዳር እንደወትሮው ተከበረ።

በጥር አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋበዝን። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመልምለው፣ ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ወደዚያው ቀበሌ እንደተመለሱ አስረዳችን። አንድ ጤና ኬላ አምስት ሺህ ያህል ሰው ያገለግላል። አንዷ ተማሪ «ሲስተር፣ ከተማ መግባት አያምርዎትም?» ብላ ጠየቀቻት። «እዚያ ማን ያውቀኛል? እዚህ ክትባት ያስቀረችውን እናት ቤቷ ድረስ ሄጄ ነው የምቆጣት» አለች፤ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። በአርብቶ አደር አካባቢ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ጥቂት ስለነበሩ የትምህርት መስፈርቱ ላልቶ ወንዶችም መመልመላቸውን ስትናገር፣ ከኋላ የተቀመጡት የቆላ ልጆች ቀና ቀና አሉ።

ከዚያ ወዲህ «ለጤና ሙያ ሥልጠና ሰው ሲመለመል ነጥብ ይቅደም ወይስ የአካባቢውን ቋንቋ ማወቅ?» የሚለው ክርክር በክበቡ ጦፈ። ከፊሎቹ «ነጥብ ያመጣ ይግባ፤ ቋንቋ ሥራ ላይ ይለመዳል» ባዮች ናቸው። እኔ ከሌላው ወገን ነኝ። ምጥ የያዛት ሴት በአማቷ አስተርጓሚነት ለአዋላጅ የምትነግረው ስንቱን ነው? (አማት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።) እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የተቋቋመው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተማሪዎቹን ከገጠር ተቀብሎ፣ በዲግሪ አስመርቆ ወደ መጡበት አካባቢ የሚልከው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ኮሌጅ ለመግባት መጀመሪያ ፈተናውን ማለፍ አለ። የአሥራ አንደኛ ክፍል የቆላ ሴት ልጆች በኬሚስትሪ ወደኋላ ቀርተዋል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አባሎቻችን ቅዳሜ ጠዋት ሊያስጠኗቸው ተስማምተዋል። የቤተ ሙከራው ቁልፍ እንዲሰጠን ለርዕሰ መምህሩ አመልክተናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

የክበቡ ተጠሪ መምህር