ከነሐሴው በረዶ በኋላ የአበባ ዘር ላካፈላችሁን ሁሉ

በነሐሴ የወረደው በረዶ ከእንጦጦ ሥር ያሉ ጓሮዎቻችንን ከነችግኛቸው ካደቀቀ በኋላ ዘር ለላካችሁልን፣ በሰው እጅ ላደረሳችሁልን፣ መጥታችሁም አብራችሁን ለዘራችሁ በሙሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። አደይስ ማንም ሳይዘራት በመስከረም ወጣች፤ ከእሷ ሌላ ዛሬ ጓሯችን ውስጥ የሚታየው አበባ ሁሉ የእናንተ ነው። ኮስሞስ፣ ዚኒያና ማሪጎልድ የላካችሁ አትቀየሙን፤ ስለ እነሱ ብዙ የሚጻፍ የለም፣ አፈር ከነካቸው ይበቅላሉ። አስቸጋሪዎቹን ያበቀልናቸው ግን ፖስታው ላይ በጻፋችሁልን ምክር ነው። ዘሩን ከእኛ የሚወስድ ምክሩንም አብሮ እንዲወስድ እዚሁ እናስፍረው።

የደብረ ብርሃኗ እናታችን የፓንዚውን ዘር ሲልኩልን «ጨለማ ይፈልጋል» ብለው ጻፉበት። ዕድሜ ይስጥልን። ፓንዚ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አፈር ይለብሳል፤ ማፍያው (ዘሩ የሚበቅልበት ዕቃ) በካርቶን ይከደንና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለበት ይቀመጣል። ሙቀቱ ከ25 ካለፈ ብዙው ዘር ስለማይነቃ ፀሐይ በሚያግለው ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጡት። ከሳምንት በኋላ በየቀኑ ገለጥ እያደረጋችሁ እዩት፤ የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ ያለ ዕለት ካርቶኑ ይነሣል። አንድ ሁለት ቀን ከዘገያችሁ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዝና አንገቱን መሸከም ያቅተዋል።

ፔቱኒያ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብዙ ሰው የሚከስረውም በእሱ ነው። 1 ግራም ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጋ ዘር አለ፤ በጣት ቆንጥሮ መበተን አንድ ጥግ ላይ መከመር ይሆናል። የቢሾፍቱዋ እኅታችን እንዳሳየችን፣ ቁንጥር ዘር ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅና ደቃቅ አሸዋ ጋር ይደባለቅና እንደ ጨው ይነሰነሳል። አፈር አይለብስም፣ ብርሃን ይፈልጋልና። የማፍያው አፈር ግማሽ የተነፋ ብስባሽ፣ ግማሽ አሸዋ ሆኖ ከመዘራቱ በፊት የፈላ ውኃ ይፈስበታል፤ ከተንጠፈጠፈና ከቀዘቀዘ በኋላ ይዘራል። ከላይ ውኃ ካርከፈከፋችሁበት ዘሩ ታጥቦ ይሄዳል። ሥሩ የተበሳውን ማፍያ 2 ሴንቲ ሜትር ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡትና የላይኛው አፈር ሲጠቁር አውጡት። በላዩ ስስ ላስቲክ ይደረጋል፣ በየቀኑም ይገለጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለፔቱኒያ ስለሚከብደው ማታ ማታ ቤት ይግባ።

አረንጓዴ መስሎ ከታየ በኋላ ዋናው ጠላት ሻጋታ ነው። የችግኙ ግንድ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ይጠቁርና እንደ ክር ይቀጥናል፤ ጠዋት ቆሞ ያያችሁት ማታ ተኝቷል። መንስኤው ርጥበት ሲበዛ፣ ነፋስ ሲያጣና ዘሩ ሲጠቀጠቅ ነው። የታመመውን ከነአፈሩ በማንኪያ አንሡት፣ ላስቲኩን ግለጡ፣ ውኃውን ያዙ። ጤነኛው ችግኝ ለማዛወር ሲነቀልም ቅጠሉን እንጂ ግንዱን አትያዙ፤ ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይወጣል፣ ግንድ ከተጨፈለቀ ግን አለቀ።

ከዋሽንግተን ሲመጣ የስዊት ፒ ዘር ይዞልን ለመጣው ወንድማችን ልዩ ምስጋና አለን፤ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬቱን ጭምር አውጥቶ ነው ያመጣው። ሌሎቻችሁም ከውጭ ስትልኩ እንዲሁ አድርጉ፣ አለዚያ ዘሩ ኬላ ላይ ይቀራል፤ በሽታም ይዞ ሊገባ ይችላል። የስዊት ፒ ቅርፊት ደረቅ ስለሆነ ውኃ አያስገባም። ከዐይኑ (ከቆባው ጋር ተያይዞ ከነበረበት ጠባሳ) በተቃራኒ ባለው ጎን በጥፍር መቁረጫ በትንሹ ጫር ማድረግ ወይም ውስጡ ነጣ እስኪል በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይደር። ያበጠው 2.5 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ይዘራል፤ ያላበጠው እንደገና ይጫራል። ከ24 ሰዓት በላይ ውኃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። አንድ ነገር በጥብቅ፦ ዘሩ አተር ይመስላል፣ ነገር ግን መርዝ ነው። ኩሽና ውስጥ አይቀመጥ፣ ልጆችም አይድረሱበት።

የደሴው ጋሼ የላኩልን ዴልፊኒየም ጥሩ የበቀለው ትኩስ ስለነበረ ነው፤ ይህ ዘር ሞቃት ቤት ውስጥ ከከረመ ኃይሉን ያጣል። እሳቸው በወረቀት ጠቅልለው፣ ከመድኃኒት ዕቃ የተረፈች እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምረው፣ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ነው የላኩት። እኛም በረጠበ ሶፍት አድርገን አንድ ሳምንት ፍሪጅ ካቆየነው በኋላ ዘራነው። እሱም እንደ ፓንዚው ሙቀት አይወድም።

ሐዋሳ ያላችሁ የበርድ ኦፍ ፓራዳይዝ ላኪዎች፣ ብርቱካናማውን ጭራ ላጩ፣ ሁለት ቀን ዘፍዝፉ ያላችሁት ሁሉ ተደርጓል። ለመብቀል ከአንድ እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ አልበቀለም ብሎ አፈሩን የሚደፋ ሰው ብዙ ነው። አበባው ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት ስለሚፈልግ የእናንተን አበባ ፎቶ ቶሎ አትጠብቁ።

ሳንናገር የማናልፈው፣ አንዳንዱ ዘር በፌስታል ታስሮ ስለመጣ ሻግቶ ደርሶናል። ዘር ወረቀት ውስጥ ይተነፍሳል። ፖስታው ላይ የአበባው ስም፣ ቀለሙ፣ የተለቀመበት ወርና ቦታ ይጻፍ፤ እናቱ ኤፍ ዋን (ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች የተዳቀለች የመጀመሪያ ትውልድ) ከሆነችም ይነገረን፣ ልጆቿ እሷን ላይመስሉ ይችላሉና። ዕድሜው ያጠራጠራችሁን 10 ፍሬ ቆጥራችሁ በረጠበ ሶፍት ላይ ፈትኑት፤ ከ4 በታች ከበቀለ ዘሩን አብዝታችሁ ዝሩ ወይም ተዉት።

ብድራችንን ለመመለስ ፓንዚው አሁን እየደረሰ ነው። ፍሬው አጎንብሶ ቆይቶ ቀና ሲል ይለቀማል፤ ካመለጠ ፈንድቶ ዘሩን ይረጨዋል። የስዊት ፒውም ቆባ እየደረቀ ነው። ዴልፊኒየሙ ግን ሚያዝያ ላይ ነው የሚደርሰው፤ ማቆየት ስለማይቻል የምትፈልጉ ከወዲሁ አስመዝግቡ፣ ስትመጡም የወረቀት ፖስታ ይዛችሁ ኑ።